ጋሞን በውሃው መንገድ እንይ

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጉዞ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)





ማኅበራችን በዚህ ዓመት ሊያደርገው ስላሰበው የአገር ጉብኝት አጥንተን አሳብ እንድናቀርብ አዛችሁን ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነውም ይህንኑ ለመግለጽ ነው። የምንናገርለት አገር ሰፊ ስለ ሆነ ንግግራችን አጭር ይሆናል ብለን ቃል አንገባም። ስናበቃ ግን እጃችሁን አንሥታችሁ የምትወስኑት አንድ ጉዳይ አለና እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንድትከተሉን እንለምናለን።

ለኮሚቴው ሁለት አሳብ ቀርቦለታል። አንደኛው አንድ አውቶቡስ ተከራይቶ፥ በአንድ እሑድ ከጧት እስከ ማታ አዞውንም፥ ምንጮቹንም፥ ዶርዜንም፥ ነጭ ሣርንም አይቶ መመለስ ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ጉብኝት ለአራት ቅዳሜ ከፍሎ፥ ከተራራው ራስ ጀምሮ ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ እስከ ሐይቁና እስከ ሜዳው ድረስ በቅደም ተከተል ማየት ነው። እኛ የደገፍነው ሁለተኛውን ነው። «ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» የሚለውን የአባቶች ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአርባ ምንጭ የውሃውም የነገሩም ሥር አንድ ነው፤ እርሱም ከራሳችን በላይ የሚታየው የጋሞ ደጋ ነው።

«እኛ የምንኖረው እዚሁ አይደለምን? በደጃችን ያለውን ለማየት ጉዞ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። እርግጥ ነው፥ የምንኖረው እዚሁ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙው ተማሪ ከሌላ የኢትዮጵያ ክፍል የመጣ ነው። አራትና አምስት ዓመት ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፥ ከክፍል ወደ መመገቢያ አዳራሽ ሲመላለስ ቆይቶ፥ ዲግሪውን ይዞ በሚሄድበት ቀን ስለ ጋሞ የሚያውቀው ሙዙንና የአሣ ለብለቡን ብቻ የሆነ ስንት ሰው አለ? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው። ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ በሁለት ቀን የሚያየውን፥ የአገሩ ልጅ በአምስት ዓመት ሳያየው ቢቀር የሚያሳዝን ነገር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ዩኒቨርሲቲያችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ2004 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የቤታችን መሠረት የውሃ ትምህርት ከሆነ፥ የከተማችንም ስም ከምንጭ የተወሰደ ከሆነ፥ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በእግራችን ተከትለን ማየት የሚገባን እኛ ነን።

አሁን ወደ ጉዞው እንግባ። ከመነሣታችን በፊት ግን ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ቦታ እናስብ። አርባ ምንጭ ሁለት ክፍል እንዳላት ታውቃላችሁ፤ የላይኛው ሴቻ፥ የታችኛው ሲቀላ ነው። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው በግራው አባያን፥ በቀኙ ጫሞን ያያል። በሁለቱ መካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ መሬት ተጋድሟል። የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ድፍርስ ነው፤ የጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ በዚህ የቀለም ልዩነት ይደሰታል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ሆነው ሳለ አንዱ ለምን ቀላ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ያለው በሐይቁ ዳር ሳይሆን ተራራው ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወደ ላይ እንወጣለን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የጨንቻና የዶርዜ ቀን ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ሩቅ አይደለም፥ ዳገቱ ግን ብርቱ ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከታች በሙዝና በማንጎ መካከል እየላበን እንነሣና፥ ከላይ በቀርከሃና በእንሰት መካከል ጉም ለብሰን እንወርዳለን። ስለዚህ ጃኬት ወይም ጋቢ ሳይዝ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ከአሁኑ እናስጠነቅቃለን። ጨንቻ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ እስኪዛወር ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ በፖም ፍሬዋ ስሟ ይነሣል። ገበያዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሚቆም ቅዳሜን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጨንቻ በፊት የሚገኘው የዶርዜ መንደር በቤቱና በሽመናው በዓለም የታወቀ ነው። የዶርዜ ቤት የሚሠራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ሲሆን፥ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል ይከደናል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ፊት ለፊት ወጣ ያለው መግቢያው ቤቱን የዝሆን ራስ ያስመስለዋል። ለምህንድስና ተማሪዎች በተለይ የምንነግራቸው ነገር አለ። የቤቱን ግርጌ ምስጥ ሲበላው ባለቤቱ ቤቱን አያፈርሰውም፤ የተበላውን ቆርጦ ይጥልና ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ እያለ ዓመት በዓመት እያጠረ ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር የሚስተካከል ዘመን ይኖራል። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ ከነቁመናው በትከሻ ይነሣል። ስለዚህ ከፍ ያለውን ቤት ስታዩ አዲስ መሆኑን፥ አጠር ያለውን ስታዩ ሽማግሌ መሆኑን ትረዳላችሁ።

ሽመናው ደግሞ የአገር ሀብት ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ነጠላና ጋቢ ከሚሠሩት እጆች ብዙዎቹ ከዚህ ተራራ የወረዱ ናቸው። በሌላ ከተማ የሚኖሩ ሸማኔዎች ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ፥ በመስከረም ደጋው በሰው ይሞላል። በየሠርጉና በየበዓሉ የምንለብሰው ልብስ ከየት እንደ መጣ ሳናውቅ ለብሰን መኖር እንችላለን። ሸማኔውን ከመሸመኛው ጉድጓድ ገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ካየን በኋላ ግን በልብሱ ዋጋ ለመከራከር አፋችን አይደፍርም።

ምግቡንም እንቅመስ። ቆጮ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ የማያውቀው ሰው በመጀመሪያ ያለቅሳል፥ ቀጥሎ ይደግማል። እንሰት ግን የምግብ ነገር ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ቤት ይከድናል፥ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ሸፍኖ ስለሚቆይም ዝናቡ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ይከላከላል። በደጋው ላይ በእርከን የተሠሩትን እርሻዎችና ጥንታዊ ዛፍ የቆመባቸውን የተከበሩ ደኖች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የተከለከለውን ያደረገ ሰው በራሱ፥ በቤተ ሰቡ ወይም በአገሩ ላይ ክፉ ያመጣል ማለት ነው። የተከበረ ደን መቁረጥ ከጎሜ የሚቆጠር ነው። ሕግ አስከባሪ በሌለበት ደኑን ሲጠብቀው የኖረው ይህ ነው። ወደ አባያ የሚወርዱት ሐሬና ባሶ፥ ወደ ጫሞ የሚወርደው ኩልፎ ሁሉም መነሻቸው ከዚሁ ደጋ ነው።

የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎችን የሚያስደስት አንድ ነገር እንጨምር። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ከዶርዜዎች ዘንድ ተቀምጦ አጥንቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በታተመው መጽሐፉ ስለ ነብር የሰማውን ጽፏል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ስለ ሆነ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል ይላሉ። ነገር ግን በረቡዕና በዓርብም ቢሆን ከብታቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም። ሊቁ በዚህ ነገር ተደንቆ ስለ ሰው ልጅ እምነት ብዙ ተመራምሯል። እኛ ደግሞ ይህን ስናነብ ዶርዜዎች ሃይማኖትንም ጥንቃቄንም አብሮ መያዝ የሚችሉ ብልህ ሰዎች መሆናቸውን ተረድተናል።

ከደጋው ሳንወርድ የምናየው ሌላም ቦታ አለ፤ ለዓይን ግን ብዙም የሚታይ ነገር የለውም። ይኸውም ዱቡሻ የሚባለው የጉባኤ ሜዳ ነው። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚመክረው፥ የተጣላውን የሚያስታርቀው በዚህ ሜዳ ነው። የዱቡሻ ትምህርት ምን እንደሚያደርግ ኢትዮጵያ በሙሉ ያየችው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በደረሰው ግድያ የጋሞ ተወላጆች ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በኀዘንና በቁጣ አደባባይ ወጡ። ቁጣው ወደ በቀል ሊለወጥ ሲል የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ወጣቶቹም ተመለሱ። ወንድሞቻችን ሆይ፥ በአገራችን ቤተ መንግሥትም፥ ሐውልትም፥ ውቅር ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ሁሉም ሊታይ ይገባዋል። ነገር ግን ሰው ከበቀል የተመለሰባት አንዲት ጭብጥ ሣር ከእነዚህ የምታንስ ቅርስ ናት ብለን አናምንም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የምንጮቹና የደኑ ቀን ነው። በዚህ ቀን አውቶቡስም አያስፈልገንም፤ በእግራችን እንሄዳለን። ከተራራው ግርጌ፥ ከሲቀላ በታች፥ ውሃው ከመሬት እየፈለቀ የሚወጣበት ቦታ አለ። አርባ የተባለው ተቆጥሮ ሳይሆን ብዛቱን ለመናገር ነው። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ፥ በድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ፥ ቁልቁለቱ በሚያበቃበት በዚህ ቦታ ይወጣል። ከተማው የሚጠጣው ከዚህ ውሃ ነው። ጧት የታጠብንበት፥ ለሻይ ያፈላነው ውሃ የትናንት የደጋ ዝናብ ነው ማለት ነው።

በምንጮቹ ዙሪያ ያለው ደን የአርባ ምንጭ ደን ይባላል። ዝናብ ብቻ ሳይሆን የከርሰ ምድር ውሃ ያሳደገው በመሆኑ በአገራችን ከሚገኙት ደኖች የተለየ ነው። በበጋ በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ደርቆ ሳለ እርሱ ለምለም ሆኖ ይታያል። ትልልቅ የሾላ ዛፎች አሉበት፤ ጉሬዛና ዝንጀሮም ይኖሩበታል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከሌሎቻችን የበለጠ የሚያዩት ነገር እንደሚኖር አንጠራጠርም፤ እንዲያስተምሩንም ከአሁኑ እንለምናቸዋለን።

ይህ ደን ግን ጠላቱ ብዙ ነው። በከተማው ውስጥ ምድጃ የሚነድደው በእንጨትና በከሰል ነው። እንጨት ተሸክማ ከደኑ የምትወጣውን እናት አይተናታል። እርሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጆቿ በልተው ማደር አለባቸው። ጥያቄው «ማን ነው የቆረጠው?» ብቻ ሳይሆን «ሌላ ምን ማገዶ አላት?» የሚልም መሆን አለበት። ይህን ጥያቄ ለምህንድስና ክፍሎቻችን አደራ እንሰጣለን። የምንጩ ጠባቂ ደኑ ከሆነ፥ የደኑ ጠባቂ ደግሞ የዚያች እናት ምድጃ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ የሐይቆቹ ቀን ነው። አባያ በስምጥ ሸለቆ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት ይበልጣል፤ ስፋቱም ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ መንገደኛ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እዚህ ደርሶ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ሐይቁ ግን ስም አላጣም ነበርና ዛሬም አባያ ነው። ቀላ ያለ ድፍርስ የሆነበትን ምክንያት አሁን መመለስ እንችላለን። ብላቴና ጊዳቦን የመሳሰሉ ወንዞች፥ ከእኛም ደጋ የሚወርዱት ሐሬና ባሶ፥ በዝናብ የታጠበውን አፈር ተሸክመው ወደ አባያ ያስገባሉ። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋሱ ያማስለዋል፤ ደቃቁ አፈርም በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል። አባያ ከጥንትም ጥርት ያለ አልነበረም። ነገር ግን ደጋው በተራቆተ ቁጥር የሚገባበት አፈር እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ስለዚህ ከሴቻ አፋፍ ሆነን ያደነቅነው ቀይ ቀለም የገበሬው እርሻ ነው። ገብስና እንሰት ሊያበቅል የሚችል አፈር በሐይቅ ውስጥ ተቀምጦ እናየዋለን። እንቦጭም በአባያ ላይ መታየቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጣና ምን እንዳገኘው ሁላችንም እናውቃለንና።

በጀልባ የምንሄደው ግን በጫሞ ላይ ነው። ኩልፎ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ የአዞ ገበያ የሚባለው ቦታ አለ። ገዢም ሻጭም የለበትም፤ ገበያ የተባለው አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ በብዛት ተሰብስበው በዳሩ ላይ ፀሐይ ስለሚሞቁ ነው። አንዳንዶቹ በጣም ግዙፎች ናቸው። አፋቸውን ከፍተው ሲተኙ የተኙ እንጂ የሚያዩ አይመስሉም፤ ነገር ግን ያያሉ። ጉማሬዎች፥ ፔሊካኖችና አሣ አዳኝ ንስሮችም በብዛት ይገኛሉ። በዚያው ሐይቅ ላይ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች በቀላል እንጨት በታሰረ ትንሽ ታንኳ ተቀምጠው፥ እግራቸው ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፥ በአዞ መካከል ሲያልፉ ታያላችሁ። እኛ በሞተር ጀልባ ውስጥ ሆነን የምንፈራውን እነርሱ የዕለት እንጀራ ፍለጋ ብለው ይጋፈጡታል።

በምሳችን የምንወደው ለብለብ የሚመጣው ከእነዚህ ሰዎች ነው። በጫሞ ነጭ አሣ፥ ቆሮሶና አምባዛ ይገኛሉ። ትልቁ ነጭ አሣ ግን ከመጠን ባለፈ ማጥመድ ምክንያት እየቀነሰ መምጣቱን አጥኚዎች ጽፈዋል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደውን አሣ ጭምር ያወጣል። ይህን ስንል እዚያ ያለውን ምግብ ቤት ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛው የምንበላው ነንና። ነገር ግን አሣው ትንሽ ሆኖ ሲቀርብልን «ዛሬ አሣው ለምን አነሰ?» ብለን መጠየቅ ከገዢው ጀምሮ የሚመጣ ጥበቃ ነው። ጊዜ ከተረፈን በአባያ ዳር ያለውን የአዞ እርባታ እናያለን፤ በዚያም አዞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለቆዳው ሲባል ሲረባ ይታያል።

አራተኛው ቅዳሜ የነጭ ሣር ቀን ነው። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ተከልሎ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከደኑ ተነሥተን ኩልፎን ተሻግረን፥ በእግዜር ድልድይ ላይ ሁለቱን ሐይቆች ግራና ቀኝ እያየን፥ በአስቸጋሪ መንገድ ወደ ሜዳው እንደርሳለን። ይህ መንገድ በዝናብ ጊዜ ስለማይቻል ጉዞውን በበጋ እንድናደርገው አሳስበናል። ሜዳው ስሙን ያገኘው ሲደርቅ ከሚነጣው ሣሩ ነው። የሜዳ አህያ በመንጋ ይሰማራበታል፤ የሜዳ ፍየልና አጋዘንም አሉበት።

ነገር ግን በዚህ ሜዳ ላይ የምናየውን ብቻ ሳይሆን የማናየውንም ማሰብ አለብን። ፓርኩ ሲከለል አንዱ ምክንያት የስዌይን ቆርኬ የሚባለው በዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነበር። ዛሬ ቆርኬ በነጭ ሣር የለም። በሰንቀሌና በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ውስጥ በተከለለው በማዜ ግን አለ። በስሙ የተከለለ መሬት እያለው፥ ባለቤቱ ከመሬቱ ጠፋ።

ሌላም ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የመጡ አጥኚዎች በዚህ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አግኝተው አንድ ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ። ክንፉ ሲመረመር ከሚታወቁት ወፎች ከማናቸውም ጋር ሳይገጥም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ የወፍ ዓይነት ተብሎ በሳይንስ ተመዘገበ፤ የላቲን ስሙም «ነጠላ ክንፍ» ማለት ነው። በነጭ ሣር ስም የሚጠራ፥ በአንዲት ክንፍ ብቻ ወደ ዓለም መዝገብ የገባ ወፍ በደጃችን አለ። ከመካከላችን ማንም ይህን ያውቅ ነበርን?

ስለ ፓርኩ ስንናገር ስለ ሰዎቹ ዝም ማለት አይገባንም። በዚህ መሬት ላይ ጉጂዎች ከብታቸውን ያሰማሩ፥ ኮሬዎች ያርሱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሰዎች ከፓርኩ እንዲወጡ በተደረገ ጊዜ ቤቶች ተቃጥለዋል። በዚያ ዘመን ፓርኩን ለማስተዳደር ውል የገባው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የውጭ ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ለቆ ወጥቷል። የሰውና የአውሬው ጥያቄ ግን አብሮት አልወጣም። ከብት ሲበዛ ሣሩ ያንሳል፤ ሰው ሲገፋ ደግሞ ፍትሕ ያንሳል። ይህን ክርክር በአንድ ቅዳሜ እንፈታዋለን አንልም። ነገር ግን ከመኪና ሳይወርድ የሜዳ አህያ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ጎብኚ ክርክሩ መኖሩንም አያውቅም። እኛ ግን ነገ ዳኛ፥ መሐንዲስ፥ የደን ባለሙያና አስተዳዳሪ ሆነን በእንዲህ ያለው ነገር የምንፈርድ ሰዎች ስለ ሆንን፥ ከሁለቱም ወገን መስማት አለብን።

እንግዲህ ጉዞው ይህ ነው። ከደጋው ዝናብ ተነሥተን፥ በምንጩና በደኑ አልፈን፥ ወደ ሐይቁና ወደ ሜዳው ደረስን። አራቱን ቦታ በአንድ ቀን ብናያቸው አራት የተለያዩ ሥዕሎች ይሆኑብን ነበር። በቅደም ተከተል ስናያቸው ግን አንድ ነገር መሆናቸው ይገባናል። የእንሰቱ ቅጠል አፈሩን ይይዛል፤ የተያዘው አፈር ዝናቡን ያሰርጋል፤ የሰረገው ዝናብ ምንጭ ሆኖ ደኑን ያሳድጋል፥ ከተማውንም ያጠጣል። የተለቀቀው አፈር ደግሞ ወንዙን አደፍርሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከላይ አንዱ ቢጎድል ከታች ያለው ሁሉ ይጎድላል። ይህን ያላየ ሰው አርባ ምንጭን አየሁ ቢል አርባ ምንጭ የተባለውን ሰሌዳ አይቷል እንጂ አገሩን አላየም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «አራት ቅዳሜ ከአንድ እሑድ ይልቅ ያስወጣል» የሚሉ አሉ። አስበንበታል። የሁለተኛው ቅዳሜ ጉዞ በእግር ስለ ሆነ የመኪና ኪራይ የለበትም። በየትኛውም ቀን ማታ ወደ ግቢያችን ስለምንመለስ የመኝታ ወጪ የለብንም። የሚቀረው የሦስት ቀን መኪና፥ የአንድ ቀን ጀልባ፥ የፓርክ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ነው። ሁሉም ተማሪ አራቱንም ቀን መሄድ ባይችል እንኳ በየክፍሉ ተወካይ እየተላከ ያየውን ለሌሎቹ ይናገር፥ በማኅበራችን ጋዜጣም ይጻፍ። እንዲህ ካደረግን ያልሄደውም እንደ ሄደ ይቆጠራል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን ጠባያችን ነው። ስለዚህ ኮሚቴው አምስት ነገር እንዲከበር ይጠይቃል።

አንደኛ፥ የሰው ቤት ሙዚየም አይደለም። ሳይፈቀድ አይገባም፥ ሳይጠየቅም ፎቶግራፍ አይነሣም። ሽማግሌዎችን ስናገኝ እንደ አገሩ ሥርዓት ዝቅ ብለን እጅ እንነሣለን፤ «አንተ» እያልን አንጠይቅም።

ሁለተኛ፥ ወደ ዶርዜ በሚወስደው መንገድ ላይ ሕፃናት በመኪና ፊት እየጨፈሩ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከመስኮት ብር የሚወረውር ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕፃኑን ከትምህርት ቤት አውጥቶ በመኪና ጎማ ፊት ያቆመዋል። መርዳት የምንፈልግ ከሆነ ደብተርና እርሳስ ሰብስበን ለትምህርት ቤቱ እንስጥ።

ሦስተኛ፥ አስጎብኚያችን፥ ምሳችንና የምንገዛው ሸማ ከዚያው ከአገሩ ሰው ይሁን። ጎብኚ መጥቶ የሄደበት አገር አቧራውን ብቻ ካተረፈ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ጎብኚን የሚወድበት ምክንያት አይኖረውም።

አራተኛ፥ በጀልባ ላይ እጅ ወደ ውሃው አይዘረጋ፥ አይነሣም አይጫጫህም። አዞው ተማሪ መሆናችንን አያውቅም።

አምስተኛ፥ ይዘነው የሄድነውን ላስቲክና ጠርሙስ ይዘነው እንመለስ። ወደ ቆላው ስንሄድም ወባ መኖሩን አንርሳ።

ክቡር ሊቀ መንበር፥ በዓለም ላይ ተጓዦች የሚጎርፉባቸውን አገሮች ብንመለከት፥ ታላላቆቹ ቦታዎቻቸው የተጠበቁት በመጀመሪያ የራሳቸው ሰዎች ስለሚያውቋቸውና ስለሚወዷቸው ነው። ሰው ያላወቀውን አይወድም፥ ያልወደደውንም አይጠብቅም። የጋሞ ገበሬ እርከኑን፥ ሽማግሌው ዱቡሻውን፥ ሸማኔው መወርወሪያውን ጠብቆ እዚህ አድርሶታል። ከእኛ የሚጠበቀው ቢያንስ መጥቶ ማየትና ስለ ማንነታቸው መጠየቅ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ከመካከላችን አንዱ በሩቅ አገር ተቀምጦ «አርባ ምንጭ ተማርሁ» ሲል፥ ምንጩ ከየት እንደሚመነጭ መናገር ይችል ዘንድ ይህን ጉዞ አቅርበናል።

የአራቱን ቅዳሜ አሳብ የምትደግፉ እጃችሁን እንድታነሡ ሊቀ መንበሩ ድምፅ ያሰጡልን። የምትቃወሙም ምክንያታችሁን እንድትነግሩን እንለምናለን።